አረንጓዴው ትራስ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። የቅዱሱ ሥዕል ድልድዩ ላይ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ቀና ብዬ አይቻለሁ።

በከተማችን የቅዱሱ በዓል ሲከበር እኛ የላይ ሰፈሮች ሥዕሉን በእንጨት ወሳንሳ እስከ ድልድዩ እንሸከማለን፤ እዚያ የታች ሰፈር ወንዶች ይረከባሉ። ተረካቢው ትከሻውን ከሥር አስገብቶ «ይዣለሁ» ካላለ አስረካቢው አይለቅም። ወሳንሳው መሬት ከነካ ዓመቱ ክፉ ይሆናል ይባላል።

የሁለቱንም ሰፈር ተሸካሚዎች የትከሻ ትራስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። የታች ሰፈሩን አናጢ ያወቅኩትም ትከሻውን ስለካ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ኮርኩረሽ ልትገድይኝ ነው?»

«ዝም ብለህ ቁም!»

«ዕድሜ ልኬን እቆማለሁ፤ አንቺ ብቻ ለኪኝ።»

ሁለት ዓመት ተደብቀን ተዋደድን። አባቴ የሞተው እዚያው ድልድይ ላይ በታች ሰፈር ሰው ተፈንክቶ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ሥጋ ሻጩ፣ የታች ሰፈሮች ስም ሲነሳ ደሙ ይፈላል። አናጢው ግን በበዓሉ ማግስት አጎቱን ይዞ ቤታችን ሊመጣ ቆርጦ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ከአረንጓዴ ቀሚሴ ጫፍ ቆርጬ ለእሱ ብቻ የተለየ ትራስ ሰፋሁለት። ቀሚሱን የገዛልኝ ወንድሜ ነው።

አናጢው የተረከበው ከወንድሜ ነበር። ጉንጭ ለጉንጭ ቆሙ። ወንድሜ ትራሱን አየ፤ ዞሮም የለበስኩትን አረንጓዴ ቀሚስ አየ።

«የእህቴ ጨርቅ አንተ ትከሻ ላይ ምን ይሠራል?»

«ነገ ቤት መጥቼ እነግርሃለሁ፣ ጋሼ። አሁን ልቀቅ፤ ይዣለሁ።»

«ማንን ነው ጋሼ የምትለው፣ አንተ ውሻ!»

በግንባሩ አፍንጫውን መታው። ደሙ ትራሱ ላይ ወረደ። አናጢው የወሳንሳውን መሎጊያ አልለቀቀም። «ምታው እንጂ! ቆመህ ትደበደባለህ እንዴ?» ይላሉ የታች ሰፈር ሰዎች። ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። ወንድሜ የአናጢውን ጎን በጡጫ ደጋገመው።

«ወንድምዬ፣ በአባታችን!» ብዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በክርኑ ጥርሴን ሰበረው። ጠዋት ለሸክሙ የመጣው በቀጥታ ከሥጋ ቤቱ ነበር፤ ቢላዋውን ከወገቡ መዝዞ አናጢውን ሁለቴ ወጋው።

አናጢው እኔን እያየ «እንዳይወድቅ» አለ። ስለ ሥዕሉ ነው። አንድ ጎረቤቱ ትከሻውን ከሥር እስኪያስገባ ድረስ በሁለት እግሩ ቆሞ ጠበቀ።

«ይዣለሁ» አለው ጎረቤቱ።

ያኔ ተንበረከከ። ጭኔ ላይ ሞተ።

ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት። እኔ ትራስ መስፋት ትቻለሁ። ወሳንሳው መሬት አልነካም፤ ያን ዓመት አዝመራው ጥሩ ነበር።