«የስ፣ ፒክ አፕ»

የካቲት 1997 እ.ኤ.አ.፣ ሲያትል አጠገብ፣ ሲታክ ውስጥ ካለ አንድ ሆቴል የእንግዳ የወርቅ ሰዓት ጠፋ። ክፍሉን ያጸዳችው ቢልቂስ ነበረች፤ በዲቪ ከመጣች ገና አምስት ወሯ።

መርማሪ ኮሊንስ በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«ሰዓቱን ፒክ አፕ አድርገሻል?»

«የስ። ፒክ አፕ።»

ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ያለችውን ማንም አልተረዳላትም። ኮሊንስ «መውሰዷን አምናለች» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት አስተርጓሚ መጣች፤ ማንአልሞሽ፣ ሲያትል ዐሥራ አራት ዓመት የኖረች ሴት። መዝገቡን አነበበችና ወደ ቢልቂስ ዞረች።

«ፒክ አፕ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

«አነሳሁት ነዋ፣ እትዬ። ባኞ ቤት ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁት። አንስቼ ለአለቃዬ ለሪክ ሰጠሁት። ለባለቤቱ እመልሳለሁ አለኝ።»

ማንአልሞሽ ለመርማሪው አስረዳችው።

«ሰው ከኤርፖርት መቀበልም ፒክ አፕ ነው። ቋንቋ በጆሮ መልቀምም ፒክ አፕ ነው። እሷ የምታውቀው ግን የሥራዋን ነው፤ ፎጣ ከወለል ማንሳትን። ሰረቅሁ አላለችም።»

«ይሁን። ሪክ ግን ሰዓቱን አላየሁም፣ እሷንም ያን ቀን አላነጋገርኳትም ብሏል።»

«የሰጠውን ቃል ላንብበው።»

አነበበች። አንድ መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። «ከባኞ ቤት ወለል ላይ ፒክ አፕ አድርጋ ኪሷ ከትታው መሆን አለበት» ይላል።

«ባለቤቱ የት ነው የተውኩት ያለው?»

«አልጋው አጠገብ ይመስለኛል ነው ያለው።»

«ታዲያ ሪክ ወለሉን ከየት አመጣው?»

ኮሊንስ ሪክን አስጠራው።

«ሰዓቱ ወለል ላይ እንደነበር ማን ነገረህ?»

«እሷ ነቻ።»

«መቼ?»

«ስትሰጠ…»

ሪክ ፊቱ ቀላ።

ሆቴሉ ውስጥ ያለው የሪክ ዕቃ ማስቀመጫ ሎከር ሲከፈት ሰዓቱ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። አብረውት የሌሎች እንግዶች ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ነበሩ። በእነዚያ ሰበብ ከሆቴሉ ጽዳት ሥራ የተባረሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

«ዕቃውን ወደድኩት» አለ ሪክ አንገቱን ደፍቶ። «እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ቢከሰስ ማን ይሰማዋል ብዬ ነው።»

ኮሊንስ ቢልቂስን ይቅርታ ጠየቃት። መሄድ እንደምትችል ነገራት።

ቢልቂስ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«እትዬ፣ ንገሪልኝ። ከተባረሩት ሁለቱ አንዷ አዳነች ትባላለች፤ ኬንት ከተማ ነው ያለችው። ሌላዋን እሷ ታውቃታለች። ሌባው እነሱ እንዳልሆኑ ለሁለቱም ተደውሎ ካልተነገራቸው ከዚህ አልነሳም።»

ማንአልሞሽ አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችለት። ኮሊንስ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበና የአዳነችን ቁጥር ቢልቂስን ጠየቃት።