ሦስት ጊዜ የታየ ላሜራ

«ይሄን የመረጠ ሰው ፀሐይ አይቶ ያውቃል?»

ላሜራ ታቅፎ ወርክሾፓችን በር ላይ የቆመው ረጅሙ ሰውዬ ነው። ሠራተኞቹ «መሰላል» ይሉታል። በአዲሱ ክሊኒክ የፊት ግድግዳ ላይ የእኛን ላሜራ የሚገጥመው እሱ ነው።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አልኩ፤ ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት መጥተሽ እዪው።»

በአባቴ ወርክሾፕ ላሜራው ምን ያህል ያብለጭልጭ የሚለውን ከደንበኛ ጋር የምመርጠው እኔ ነኝ። አባቴ አንድ ሕግ አለው፤ ናሙናው በሚገጠምበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ሳይታይ አይመረጥም። የክሊኒኩ ባለቤት ሲያጣድፈኝ ግን እዚሁ አምፖል ሥር እንደ መስታወት የሚያበራውን መርጬ ነበር።

ጠዋት ሄድኩ። ፀሐይዋ ከተገጠሙት ሁለት ላሜራዎች ላይ ነጥራ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊዋ ቤት ትገባለች። ሴትየዋ በአንድ እጇ ዓይኗን ከልላ በሌላው መርፌዋን ትዳብሳለች። አፈርኩ። ቢሆንም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«ትለምደዋለች» አልኩት።

በአገጩ ወደ ሴትየዋ መርፌ ጠቆመኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ፣ ሦስት ናሙና አመጣለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

አንጸባራቂውን፣ መካከለኛውንና ደብዛዛውን ጎን ለጎን ሰቀልናቸው። የማንንም ዓይን የማይወጋው ደብዛዛው ሆነ። የአባቴ ሕግ አንድ ቀን ይበቃል ይላል፤ እኔ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ።

መሰላል ጠዋት ሻይ ሳይቀምስ አይናገርም፤ ኩርፍተኛ ነው። ቀትር ላይ ጥላውን አብሮት ለሚሠራው ሽማግሌ በያጅ ለቅቆ እሱ ፀሐይ ላይ ይሠራል። አንድ አመሻሽ የክሊኒኩ ባለቤት መጥቶ «ካላብለጨለጨ ምኑን ሕንፃ ሆነ!» ብሎ ጮኸበት። መሰላል ግን ድምፁን ሳያነሳ ልብስ ሰፊዋን አሳየው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ልቤ ያኔ ሄደ።

«ላሜራውማ ከተመረጠ ሰነበተ» አለኝ በማግስቱ። «ምንድን ነው የምታዪው?»

«አንተን።»

የያዘው ብሎን ከእጁ ወደቀ። «እና?»

«ቆይ፣ ገና አልመሸም።»

ሲመሽ ልንጋባ ተስማማን፤ ወሬው አባቴ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም።

«መሰላል ላይ ለሚውል የምድረው ልጅ የለኝም! የላሜራ አስመጪያችን ልጅ ሊያገባሽ ፈልጎ እሁድ ቤታችን ምሳ በልቶ ሄዷል። ጨዋ ነው፣ አይተነዋል።»

«በአንድ ምሳ? አምፖል ሥር?»

«ሰው ላሜራ አይደለም!»

«ለላሜራ ሦስት ጊዜ ካየን ለሰው ስንት ነው አባዬ? እኔ ኩርፊያውንም፣ ላቡንም፣ ድካሙንም አይቻለሁ። ብታባርረኝም የማገባው እሱን ነው።»

ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ቃሌን ግን አላጠፍኩም። አባቴ በሩን ዘግቶብኝ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ጋ ስደርስ አባቴ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ቆሟል። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ መሰላሉ ላይ የወጣውን ሰው ያያል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። 

«እውነትም ኩርፍተኛ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቀትርና አመሻሹ ይቀረኛል።»

«እይ አባዬ። እኔ ግን መርጫለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበር አወጣችለት። ተቀመጠ።