እስከ ነገ የታሰረ እጅ

አክሲዮን ነጋዴው የሞተው በሥራ ክፍሉ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ እንደዘረጋ ነበር። ከፊቱ ያሉት ስክሪኖች ቀይ በቀይ ሆነዋል። ማጋነን አይሁንብኝና፣ ያን ቀን ገበያው የወረደውን ያህል ድንጋይ ከገደል ቢለቀቅ አይወርድም።

መርማሪዋን ሁሉም «ወንፊት» ይላታል፤ ከእሷ የሾለከ ውሸት ገና አልተወለደም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ዓይን ገለጠች። ነጩ ላይ ደቃቅ የደም ነጠብጣብ አየች።

«ታፍኖ ነው የሞተው።»

«ኪሳራ ነው እንጂ የገደለው!» አለ ምድር ቤት ቢሮ ያለው የንግድ ሸሪኩ። «የሚወርድ አክሲዮን በላይ በላዩ ሲገዛ ልቡ ቀጥ አለ። ስክሪኑን ይዩት!»

እውነትም ከሰዓት በኋላ ትልቅ ግዢ ተፈጽሟል።

«ምን ኪሳራ! ይቺ እባብ ናት!» የሟቹ ታናሽ ወንድም በሚስትየዋ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ማን ነበር? ታስራ ካላየሁ እህል አልቀምስም!»

«አንተ? እህል? ወንድምህን በቁሙ ስትግጠው የኖርክ!» አለች ሚስትየዋ።

ወንፊት ጭቅጭቁን ትታ ኪቦርዱን አገላበጠችው። ግዢ የሚታዘዝበት ቁልፍ ጽሑፉ ተፍቆ ጠፍቷል፤ የሽያጩ ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ሚስትየዋን ለብቻዋ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት።

«ባለቤትሽ ሲከስር ምን ያደርግ ነበር?»

«ይቅር... ይስቁበታል።»

«የሞተ ሰው ሳቅ አይሰማም። እስር ቤት የምትገቢው ግን አንቺ ነሽ።»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። «ድሮ፣ ኪሳራዬን ዛሬውኑ ካላስመለስኩ ብሎ ቤታችንን አስበላ። ከዚያ ወዲህ ከስሮ በሸጠ ቁጥር ኪቦርዱን ነቅሎ ይሰጠኛል። ‹እስከ ነገ እጄ ይታሰር፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ› ይላል። ዛሬ ጠዋትም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ያለውስ?»

«ሬሳውን እያየሁ ኪቦርድ ይታየኛል?»

ሚስትየዋ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ብርድ ልብሱ ሥር ሌላ ኪቦርድ ተኝቷል፤ በዚህኛው ላይ የተፋቀው የሽያጩ ቁልፍ ነው።

ወንፊት ሁሉንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«ሟቹ ጠዋት ከስሮ ሸጠ፤ ኪቦርዱም ተቆለፈበት። ከሰዓት በኋላ የገዛው እንግዲህ እሱ አይደለም። ገዳዩ አፍኖት ሊገዛ ሲል ኪቦርድ አጣ፤ የራሱን አመጣ።»

«ለምን እሷ አታመጣም?» ወንድምየው ጮኸ።

«የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በእጇ እያለ? አንተ ደግሞ ኪቦርድና ብስኩት አትለይም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ይህ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኪቦርድ የሚገዛ እንጂ የማይሸጥ ሰው ነው። ሲወርድ ይገዛል፣ ሲብስ ይጨምራል፣ ከስህተቱ አይማርም። ምድር ቤት ያለው ቢሮህ እንውረድ? ጠረጴዛህ ላይ ኪቦርድ እናገኛለን?»

የሸሪኩ ፊት አመድ መሰለ። ወዲያው ግን እንደ በሬ አጓራ።

«የጋራችንን አክሲዮን በኪሳራ አራገፈው! መልሰን እንግዛ ብዬ ብለምነው ‹እስከ ነገ እጄ ታስሯል› አለኝ! አላገጠብኝ! የወንበሩን ትራስ ፊቱ ላይ... አክሲዮኑ ነገ ይነሳ ነበር እኮ!»

ስክሪኑ ላይ አክሲዮኑ እንደገና ቁልቁል ወረደ። ሸሪኩ በር ላይ በቆሙት ፖሊሶች ተይዞም አንገቱን ወደዚያው ጠመዘዘ።

«አሁን ነው የሚገዛው! ጨምሩበት!»

ሚስትየዋ ስክሪኑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«እጁን እሰሩልኝ» አለች። «እስከ ነገ ብቻ እንዳይመስላችሁ።»