እማዬ እኔን ስትሆን

መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የቆመችው የናዝሬት እናት ነበረች።

ናዝሬት ዐይኗን አላመነችም። እናቷ ሸዋገነት ከቤት ስትወጣ፣ «እኔ ወንበር ነው የምደረድረው፤ ድራማውን የሚሠሩት ሌሎቹ ናቸው» ብላት ነበር። አሁን ግን የተማሪ ሹራብ ለብሳ፣ ቦርሳ በአንድ ትከሻዋ ጥላ፣ የወጣት ማዕከሉን አዳራሽ ጢም አድርጎ በሞላው ሰው ፊት ቆማለች። ሹራቡ የተውሶ ስለሆነ እጅጌው ክርኗ ላይ ቀርቷል። ገና አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሰዉ ሳቀ።

«እትዬ ሸዋገነት አንጀቴን በሉት» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሰልዋ።

ናዝሬትም አብራ ሳቀች። እናቷ ሰው መሀል ድምፅዋ የማይሰማ፣ ዕድር ስብሰባ ላይ እንኳ በር ሥር የምትቀመጥ ሴት ናት። እንዲህ ስትደፍር ማየት ደስ አሰኛት።

ድራማውን ያዘጋጁት በወረዳው የቤተሰብ ትምህርት የሚማሩት እናቶች ናቸው። ከሥራ መልስ እየተሰበሰቡ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ለልጅ ምን ማብላት እንደሚገባ፣ የወር አስቤዛ እንዴት እንደሚብቃቃ፣ ቤት ውስጥ እንዴት መነጋገር እንደሚቻል ይማራሉ። ብዙዎቹ ንባብ ገና ጀማሪ ስለሆኑ ድራማው በወረቀት አልተጻፈም። አስተማሪያቸው ሲስተር ቤዛዊት በየቤታቸው ያጋጠማቸውን እንዲያወሩ ታደርጋለች፤ ከዚያ ያንኑ በቃላቸው ይሠሩታል።

መድረኩ ላይ እናት የሆነችው ሴት ምሳ ቋጠረች። «በደንብ ብይ፣ እሺ? እንቁላሉን ለሰው እንዳትሰጪ» አለች። ሸዋገነት ዐይኗን ወደ ጣሪያው ገልብጣ፣ «እሺይይ» ብላ ቃሉን ጎተተችው። የምሳ ዕቃውንም ከደብተሮቹ ሥር ወሸቀችው።

የናዝሬት ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ። ያ «እሺ» የራሷ ነው።

ልጅቷ መንገድ ወጣች። ግራ ቀኟን ቃኘች። የሠፈሩ ጉልት ሻጭ ነጠላዋን ጀርባዋ ላይ ጥላ፣ በአራት እግሯ እየዳኸች ስትመጣ አዳራሹ ፈነዳ። ውሻ መሆኗ ነው። ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ ምሳውን ለውሻው ገለበጠችለት። ሙልጭ አድርጋ ግን አላራገፈችውም፤ ጥጉ ላይ ሁለት ጉርሻ ያህል አስቀረች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ጥግብ ብዬ ተረፈኝ እላታለሁ» አለች።

ናዝሬት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አዙሯት ወደቀች። ጤና ጣቢያ ደም ማነስ ነው ተባለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቷ ዕንቅልፍ አጣች፤ ትምህርቱንም የጀመረችው በዚሁ ሰበብ ነው። ክፍል የሰማችው ሁሉ በማግሥቱ ምሳ ዕቃው ውስጥ ይገኛል። ምስር በቆስጣ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ጎመን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እንጀራውን ሁሉ የሚያቀላ ቀይ ሥር። ትምህርት ቤት ደግሞ ምሳ የሚበላው ክብ ሠርቶ፣ የሁሉም ተከፍቶ ነው። የክፍላቸው ልጅ ብሩኪ የናዝሬትን ምሳ ገና ሲያየው ሙድ ያዘባት። «ናዚ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ አለሽ እንዴ? ይሄ እኮ አስታማሚ ይዞት የሚገባው ምግብ ነው።» ክቡ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ምሳዋን የሚበላው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ ዊንጌት አካባቢ ካለው ጎማ የሚጠገንበት ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የማይጠፋው ውሻ፣ ቡቺ፣ ሆነ። እሷ ከሰልዋ ላይ ትቆነጥራለች። ሁለት ጉርሻ የማስቀረቱን ብልሃት የምታውቀውም ሰልዋ ብቻ ናት።

አሁን ከኋላ ረድፍ፣ ከእናቱ ጋር የመጣው ብሩኪ ገብቶታል። አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንደ ውሻ ጮኸ። ከጎኑ ያሉት ልጆች ተቀባበሉት።

«አንቺ ነሽ» አለቻት ናዝሬት ሰልዋን።

«ምኑን?»

«ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም።»

«ወላሂ፣ ናዚ፣ ትንፍሽ አላልኩም…»

ናዝሬት እስክትጨርስ አልጠበቀቻትም። በሰው ጉልበት መሀል እየተጋፋች ወጣች። ጭብጨባው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተላት።

ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ስትደርስ አባቷ ኢሳይያስ ሽመናው ላይ ነበር። ምን ሆነሽ ቢላት አልፋው መጋረጃ ወደሚለየው አልጋዋ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ እናቷ የተዋሰችውን ሹራብ አጣጥፋ ይዛ፣ ፊቷ በርቶ ገባች።

«ሳያልቅ ወጣሽ እንዴ? ሰዉ ብድግ ብሎ እኮ…» አለችና የልጇን ፊት አይታ ንግግሯን አቋረጠች።

«ሰልዋ ናት አይደል የነገረችሽ?»

«ሰልዋ ምኑን ትነግረኛለች?»

«ውሻውን። አስቀርቼ መዝጋቴን።»

ሸዋገነት አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ማንም አልነገረኝ። በዐይኔ ነው ያየሁት» አለች።

አንድ ቀን ናዝሬት የተማሪ መታወቂያዋን ረስታ ወጥታ ነበር። ጥበቃው ያለ መታወቂያ እንደማያስገባት ስለምታውቅ እናቷ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ሮጣ ወጥታ በሚቀጥለው ታክሲ ተከተለቻት። ጎሚስታው ጋ ደረሰችባት፤ ልትጠራት አፏን ስትከፍት የምሳ ዕቃው ሲገለበጥ አየች። ከቆመ ታክሲ ጀርባ ተሸሸገች። መታወቂያውን በሌላ መንገድ ዞራ ለጥበቃው ሰጥታ ተመለሰች። ናዝሬት ቀኑ ትዝ አላት። ጥበቃው «እናትሽ ናት ያመጣችው» ብሎ ሰጥቷት ነበር። በየት እንደመጣች አልጠየቀችም።

«ያስቀረሽውንማ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» አለች እናቷ። «የጠገበ ሰው አንዳንዴ ይጨርሳል፣ አንዳንዴ ያተርፋል። ሁልጊዜ ሁለት ጉርሻ አያስቀርም።»

«አይተሽ ነው በማግሥቱ የቋጠርሽልኝ?»

«አንድ ቀን ትበላው ይሆናል ብዬ።»

ናዝሬትን እናቷ ብትቆጣት፣ ብትመታት ይሻላት ነበር። «ታዲያ ለምን ለእኔ አትነግሪኝም?»

«ብቆጣሽ ጭራሽ ምግብ ትጠያለሽ ብዬ ፈራሁ። ባለቅስብሽ ደግሞ ትሸሺኛለሽ። ሲስተር የከበዳችሁን አውሩ ስትለን… በቃ፣ ከአፌ ወጣ። ስም እኮ አልጠራሁም።»

«ሹራብ ለብሰሽ፣ ቦርሳ እንደ እኔ ጥለሽ፣ እንደ እኔ እያወራሽ፣ ስም ምን ያደርጋል? ለእኔ ለአንዷ መንገር ፈርተሽ ገመናዬን ለሠፈር ሙሉ ነገርሽው። ነገ ክፍል ስገባ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?»

ከመጋረጃው ወዲያ የአባቷ የሽመና መወርወሪያ ቀጥ አለ። ሸዋገነት አንገቷን ደፍታ የሹራቡን ቁልፍ ስትነካካ ቆየች። ከዚያ፣ «ዓርብ በትምህርት ቤታችሁ የወላጆች ቀን ድራማውን ድገሙት ብለውን ነበር» አለች። ናዝሬት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

«አልሄድም እላቸዋለሁ» አለች እናቷ። ጥቂት ቆይቶ መወርወሪያው እንደገና ተሰማ።

በዚያ ሳምንት ናዝሬት ኮሪደር ላይ ስታልፍ አንዱ እንደ ውሻ ይጮህባታል፤ ሌላው ያሽካካል። ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ሽሮ ብቻ ነው ያለው። ቆስጣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቀይ ሥር የለ። ማንም የማይስቅበት፣ እንደ ማንኛውም ሰው ምሳ። የፈለገችው ይኼንን ነበር። በላችው። ግን አልጣማትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡቺ ጭራውን እየቆላ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኛት፤ ባዶ እጇን አሳየችው።

ሰልዋ ከሌሎች ልጆች ጋር ነበር የምትቀመጠው። ናዝሬት ረቡዕ ዕለት በዕረፍት ሰዓት ሄዳ አጠገቧ ቆመች። እናቴ ራሷ አይታኝ ነው፣ አለቻት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለማውጣት ግን ተቸገረች።

«አንቺ ደግሞ ሰው አትጠይቂም» አለች ሰልዋ። «ትፈርጂያለሽ እንጂ። ስንት ጊዜ ምሳዬን አካፍዬሽ፣ በአንድ ደቂቃ ሸጥሽኝ።»

«ይቅርታ፣ ሰሉ። የምሬን ነው።»

ሰልዋ ፊቷን አላዞረችላትም፤ ሆኖም ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችላት። ናዝሬት ስትቀመጥ ሰልዋ ራሷን ነቀነቀች። «ግን በናትሽ፣ አረማመድሽን እናትሽ እንዴት ያዙት? ያን ግራ ትከሻሽን የምትጥይውን። እኔ ስንት ዓመት አብሬሽ ስሄድ እንደምትጥይው አላስተዋልኩም።»

ናዝሬት ወደ ግራ ትከሻዋ አየች። እሷም አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ቤዛዊት ቤት ድረስ መጣች። ናዝሬት ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዋን እየሠራች ሁሉንም ትሰማለች። ሲስተር ለመነች። ሴቶቹ የልጅቷን ቦታ በየተራ ሞክረውት እንደ ሸዋገነት የሆነላቸው የለም፤ እሷ ከቀረች ድራማው ይቀራል። ሸዋገነት ወገቤን አሞኝ ነው አለች። ውሸት የማይሆንላት ሴት ስለሆነች ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሲስተር አላመነቻትም።

«ሸዋዬ፣ ልጅቷ ተቀይማ ነው?»

«ኧረ የለም። ልጄ ምንም አላለችኝ። ወገቤን ነው» አለች ሸዋገነት ፈጠን ብላ።

ናዝሬት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እናቷ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያን ሁሉ ዘክዝካ፣ ይቺን አንዷን፣ የልጇን ቅያሜ፣ ግን ዋጠችላት። ቂሟ አልለቀቃትም፤ አሁንም እዚያው ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ግን ከጎኑ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠ።

ሲስተር ከሄደች በኋላ ወጥታ ስታይ እናቷ የተውሶውን ሹራብ ልትመልስ በፌስታል እየከተተችው ነው።

«ያ ይጠብሻል» አለች ናዝሬት።

ሸዋገነት ቀና አለች።

«እጅጌው ክርንሽ ላይ ቀርቶ ያስቃል።» ናዝሬት የራሷን ሹራብ አውልቃ አቀበለቻት። «በዚህ ሥሪው።»

እናቷ ሹራቡን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አልለበሰችውም፣ አላስቀመጠችውም። «ይስቁብሻል እኮ» አለች።

«እሱንማ ጀምረውታል።» ናዝሬት ፌስታሉን ወደ ጎን አደረገችው። «ግን ከዚህ በኋላ ስለ እኔ የሚወራ ነገር ካለ፣ መጀመሪያ ለእኔ።»

«መጀመሪያ ለአንቺ» አለች ሸዋገነት።

«ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተሳስተሻል።»

«የቱ ጋ?»

ናዝሬት ከመደርደሪያው ላይ ባዶውን ምሳ ዕቃ አነሳች። የቤቱ መሀል ላይ ቆመች። አባቷ መወርወሪያውን ይዞ ቀና ብሎ ያያታል። እንደዚያ ጠዋት ክዳኑን ከፈተች፤ ወደ ታች ገለበጠች፤ ጥጉ ላይ አስቀረች። ሊዘጋ የነበረው እጇ ግን አየር ላይ ቆየ። አንገቷን አዙራ በመጣችበት በኩል፣ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አየች። ከዚያ በኋላ ነው የዘጋችው።

«ከታክሲው ጀርባ ሆነሽ ይሄን አላየሽውም» አለች። «እኔ ሁልጊዜ ዘወር ብዬ አይ ነበር።»

ሸዋገነት ሹራቡን ለበሰች፤ እጅጌው አንጓዋ ድረስ ደረሰ። ምሳ ዕቃውን ከልጇ እጅ ተቀበለች።

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አለች፤ «አንገትሽን በየት በኩል ነው የምታዞሪው?»