ያልተመለሰው ሜሞሪ

«ሜሞሪው አሁንም እየጨመረ ነው?» አለ ረጅሙ የሚሉት ልጅ፣ በር ላይ ቆሞ። ከኮምፒውተር ክፍሉ ከተባረረ ሳምንቱ ስለሆነ አንድ እግሩን እንኳን አያስገባም።

«እየጨመረ ነው» አለች ሚጢጢ ከውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ።

የትምህርት ቤቱ ሰርቨር፣ ሁሉም ኮምፒውተሮች የተያያዙበት ዋናው ማሽን፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋና እንደገና ይበራል። አምና የተጀመረ ልማድ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፣ ብቻ ካልተደረገ ቀጥ ይላል። ባለፈው ሳምንት ተረኛው ረጅሙ ነበር፣ ረሳው፣ ሰርቨሩም ፈተና መሀል ቆመ። የአርባ ልጅ መልስ ጠፋ። ቲቸር «ዓመቱን ሙሉ እዚህ እንዳላይህ!» አሉት።

ሚጢጢ ሆን ብላ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ታስገባለች። አስር፣ ሃያ፣ ሃምሳ። በትክክለኛው ስትገባ ሰርቨሩ የያዘው ሜሞሪ ባለበት ነው፤ በተሳሳተው ግን ከፍ ይላል፣ አይወርድም። የትምህርት ቤቱን ሲስተም ላይብረሪ፣ ሁሉም ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ኮድ፣ ከፍታ አነበበች። ኮዱ ሜሞሪ ይወስዳል፣ ቃሉን ያያል፣ ስህተት ከሆነ የወሰደውን ሳይመልስ ውልቅ ይላል። ወንፊት ተውሶ እንደሚጠፋ ጎረቤት።

ከላይ የጸሐፊው ስም አለ። የሷ ስም።

መደንገጥ ነበረባት። ምንም አልተሰማትም። ስሙን ደግማ አነበበችው።

«አንቺ፣ ፊትሽ ኖራ መሰለ። አገኘሽው እንዴ?»

«አገኘሁት።»

«የኔ ጥፋት ነው በይኛ፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

ወደ ኮዱ ተመለሰች። ስህተት ሲሆን ከሚወጣበት ቦታ በፊት ሜሞሪውን የሚመልስ አንድ መስመር ጨመረች። መቶ የተሳሳተ ቃል አስገባች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

አሁን ኮድ የነካ ሁሉ በሚጽፍበት መዝገብ ላይ ምን እንደቀየረች መጻፍ አለባት። «ትንሽ ማስተካከያ» ብላ ጻፈች። ማንም አያነበውም። እንዲህ ከተወችው እሷም አትባረርም፤ ቤት ደግሞ ኮምፒውተር የላትም። ትንሽ አየችውና አጠፋችው።

«ሰርቨሩን ያቆመው አምና እኔ የጻፍኩት ኮድ ነው» ብላ ጻፈች። አተመችው።

የምሳ ደወል ተደወለ።

«ኧረ ሰርቨሩን! ሳታጠፊው ልትወጪ ነው?» አለ ረጅሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ አይጠፋም።» ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች። «ቲቸር ቢሮ አሉ?»