ያልተቀመሰው ሳሙና

ጥፋቱ የማን ነው? የተሳሳተው ሰው ነው ወይስ «አይቻለሁ» ብሎ ያላየው? ፌንጣ ይህን ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመቷ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው ኖረች።

ፌንጣ ወላጆቿ የሰጧት ስም አይደለም። እግሯ መሬት ላይ አርፎ ስለማይውል የሰፈር ልጆች ያወጡላት ነው። ከእናቷ፣ ከአባቷና ከትንሹ ወንድሟ ከማሙሽ ጋር ጠባብ ግቢ ባለው ቤት ትኖር ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ድንች ጠብሰው ከሚሸጡ ሰዎች ያገለገለ ዘይት እየሰበሰበ ለመኪናው ናፍጣ ይሠራበታል። ዘይቱን ከአልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ቀላቅሎ በርሜል ውስጥ ሲያሳድረው ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከታች ደግሞ ቡናማና ወፍራም ነገር ይዘቅጣል። እሱ ግሊሰሪን ይባላል። መጀመሪያ አባቷ ሊደፋው ሲል እናቷ «ቆይ እስቲ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበርሜሉ ላይኛው የእሱ፣ ታችኛው የእሷ ሆነ። ጎረቤቶችም አንድ በርሜል ለሁለት ተካፍለው ሳይጣሉ የሚኖሩ ባልና ሚስት እነዚህ ብቻ ናቸው እያሉ ይስቁ ነበር።

እናቷ ከግሊሰሪኑ ሳሙና ትሠራለች። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ታሞቀዋለች። በውስጡ የቀረው አልኮል ተኖ እስኪያልቅ ልጆች አይጠጉም። ከዚያ በጨርቅ ታጠልለዋለች። ጓንቷን አድርጋ ኮስቲክ ሶዳውን በትንሿ ሚዛን ትመዝንና በውሃ አሟሙታ ትጨምርበታለች። ሲወፍር የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትገለብጠዋለች። ሦስት ሳጥን አላት፤ የእያንዳንዱንም ሶዳ ለየብቻ ነው የምትመዝነው። ሲጠነክር ቆራርጣ መደርደሪያ ላይ አምስት ሳምንት ታቆየዋለች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ቅምሻው ይመጣል። ኮስቲክ ሶዳ የበዛበት ሳሙና ቆዳ ይልጣል። በዓይን አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ስለዚህ ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። ከእያንዳንዱ ሳጥን አምስት ቁራጭ ይነሳል፤ አራቱ ከአራቱ ማዕዘን፣ አንዱ ከመሃል። ከዚያ እያንዳንዱ በምላስ ጫፍ ነካ ይደረጋል። ደህና ከሆነ ሳሙና ሳሙና ይላል። ደህና ካልሆነ የባትሪ ድንጋይ እንደ ላሱ ንዝር ያደርጋል። ወዲያው አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ነው። እናንተ ደግሞ ዛሬ ቤት ገብታችሁ ሳሙና ላሳችሁ ሲባል እንዳልሰማ፤ እነሱ ሥራቸው ሆኖ ነው። አንደኛውን ሳጥን እናት፣ ሁለተኛውን አባት ይቀምሳሉ። ሦስተኛው ስምንት ዓመት ሲሞላት ለፌንጣ ተሰጣት።

ያን ጊዜ ኮርታ ነበር። ኩራቱ ግን አልቆየም። ሳሙናው የከረመ ዘይት ዘይት ይላል፤ ጣዕሙም እስከ ምሳ ድረስ ከአፍ አይወጣም።

ዘጠኝ ዓመት በሞላት ጊዜ አንድ ጠዋት እናቷ ለቅምሻ ጠራቻት። ውጭ ልጆች ገመድ ይዘልሉ ነበር፤ ተራዋም ደርሷል። ፌንጣ አምስቱን ቁራጮች ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምላሷን አወጣች፤ ግን አላስነካችም። ከዚያ እንደ ቀመሰ ሰው ተጉመጠመጠች።

«ምን ይላል የእኔ ቀማሽ?» አላት አባቷ።

«ደህና ነው።»

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም» አለችና ሮጠች።

የሦስቱም ሳጥን ሳሙና አንድ ላይ ተደረደረ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ፍሬዎች አጥር የምትጋራቸው ልብስ አጣቢ ወሰደች። ፌንጣ እትዬ የምትላት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን እትዬ እጇን ዘርግታ መጣች። መዳፏ ቀልቷል፤ በጣቶቿ መሃል ያለው ቆዳም ተልጧል። የልብሱን እድፍ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ ብላ ልትቀልድ ሞከረች፤ ማንም አልሳቀም።

እናት ከተረፈው ሳሙና አንዱን አንስታ ምላሷን አስነካች። ፊቷ ተጨማደደ።

አባት እኮ ቀምሰነው ነበር አለ። ተደባልቆ ስለተደረደረ ከየትኛው ሳጥን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። እናት ግን ብዙም አላሰበችም።

«የእኔው ሳጥን ነው የሚሆነው» አለች። «የልጅ ምላስ አይሳሳትም። ሚዛኑን ማንበብ አቃተኝ፤ ምላሴም ደንዝዟል ማለት ነው።»

ፌንጣ በሩ ጋ ቆማ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አልተናገረችም።

እትዬ አሥራ አራት ቀን እጇን ውሃ ማስነካት አልቻለችም። በእነዚያ ቀናት የደንበኞቿን ልብስ ያጠበችው እናት ነበረች። ከዚያ በኋላ እናት ሳሙና መሥራት ተወች። ሳጥኖቹ ቁም ሳጥን ላይ ወጡ፤ ሚዛኗም ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ ተሰጠች።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ እናት ዓይኗን ማመን ማቆሟ ነበር። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ብታስገባ እንኳ ገብቷል ወይ ብላ ትጠይቃለች። የመብራት ቆጣሪ ሲነበብ ፌንጣን ትጠራለች፤ ሱቅ ስትሄድ ፌንጣን ታስከትላለች። «አንቺ እይልኝ» የዘወትር ቃሏ ሆነ። በቤቱ ውስጥ ዋሽታ ያለፈችው ልጅ የቤቱ ታማኝ ዓይን ሆነች።

ፌንጣ ስትጸልይ «ያጠፋሁትን ሁሉ ይቅር በለኝ» ትላለች። «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ቶሎ ብላ ታልፋታለች። ምናልባት እናንተም ታውቋት ይሆናል።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሙሽ ትኩሳት ያዘው። አባት መንገድ ላይ ነበር። እናት ሽሮፑን በመለኪያው ቀዳች፤ ከዚያ መለኪያውን ወደ ፌንጣ ዘረጋች።

«ፌንጣዬ፣ መስመሩን አንቺ እይልኝ። እኔ ራሴን አላምንም።»

ፌንጣ ጎንበስ ብላ አየች። መድኃኒቱ ልክ መስመሩ ላይ ነበር። እናቷ አንዲት ጠብታ እንኳ አላሳሳተችም።

«ልክ ነው የቀዳሽው፣ እማዬ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለች እናት፤ ያን ጊዜ ብቻ አጠጣችው።

ማሙሽ እንቅልፍ እስኪወስደው ፌንጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

«እማዬ፣ ሦስተኛውን ሳጥን ያን ጊዜ አልቀመስኩትም ነበር።»

እናት የምን ሳጥን ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ገብቷታል።

«አምስቱንም?»

«አንዱንም።»

እናት አልተቆጣችም፤ አላቀፈቻትምም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሚዛኑን ያሳሳትኩት ግን እኔው ነኝ አለች። ፌንጣ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን ሦስት ዓመት የያዘችውን ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው አለቻት።

«እኔ ተሳሳትኩ» አለች እናት። «ሰው ይሳሳታል ብዬ ነው ቅምሻውን ያመጣሁት። ብትቀምሺው ኖሮ ሳሙናውን እንደፋው ነበር፤ በሳምንቱ ሌላ እሠራ ነበር። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ኖርኩ።»

ፌንጣ አለቀሰች። እናት እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«የእኔን ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት በመጨረሻ። «የተላጠው እጅ ግን የእኔ አይደለም። እትዬ ጋ አብሬሽ ልሂድ?»

ፌንጣ ፊቷን ታጥባ አሰበች። ብቻዋን ልትሄድ ወሰነች። ለጠፉት አሥራ አራት ቀናት አሥራ አራት ቅዳሜ ልብስ ልታለቀልቅላት ወሰነች። እትዬ ለምን ዋሸሽ ብላ ስትጠይቃትም «ልጅ ነበርኩ» ላትል ወሰነች።

ልጆች፣ ታምነን የተሰጠንን ሥራ ሳንሠራ ሠርተናል አንበል፤ ብለን ከሆነም ሌላ ሰው ጥፋታችንን ተሸክሞልን እንዳይኖር ለበደልነው ሰው ራሳችን ሄደን እውነቱን እንንገር።