በሰም የተወለወለው ደረጃ

ኢዮብ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቦርንሃይም ሰፈር ባለው የሦስት መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሰገነቱ ደረጃ ግርጌ ነበር። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ዘርፈሽዋል ናት። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነው፤ ጫማው በር ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ደረጃውን ሰኞ ማታ በሰም የወለወለችው ደግሞ ራሷ ናት። ለፖሊስ በቃ፣ ነገሩ አለቀለት። ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ሰሙ አዳለጠው፤ ወደቀ።

የሕንጻው ጀርመናዊ አስተዳዳሪ ሄር ኬለር እሑድ እሑድ አዳራሹን በሚከራዩት የሐበሻ ምእመናን ፊት ቆሞ ጥፋቱ የእሷ ነው አለ። የማስጠንቀቂያ ምልክት አላቆምኩም ብለሽ ፈርሚ አላት። ምልክቱን በገዛ እጇ ነው ያቆመችው፤ ጠዋት ግን ግድግዳ ተደግፎ ተገኘ። አልፈርምም አለች፤ ከሥራ ታገደች። አንጀቷን ያሳረረው ግን የሟቹ ሚስት የኔነሽ ሰላምታ መንሳቷ ነው። ያላጠፋሁትን ሞቼም አልፈርምም ብላ ቦከንሃይም ሰፈር ወደምትኖረው እትዬ ለተኪዳን ሄደች።

ለተኪዳን አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ እዚህ አረጋውያን ትንከባከባለች። ውሸት ከሩቅ ይሸታታል።

«የካልሲው ሥር ምን ይመስል ነበር?»

«ነጭ። እግሩ ወደ እኔ ስለነበር በደንብ አይቼዋለሁ።»

ያንኑ ሰም ጣውላ ላይ ቀብተው አሳደሩት። ጠዋት ለተኪዳን በነጭ ካልሲ ቆመችበት፤ ሥሩ ቢጫ ሆነ።

ከኬለር ሌላ የበሩ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዘርፈሽዋል፣ ፓስተር ሳህሌ፣ የሕንጻውን ጥንታዊ እንጨት የሚያድሰው አናጢው ፍስሃጽዮን። ለተኪዳን ስለ ጫማ ስትጠይቀው ፓስተሩ ሳቀ። እኛ ጴንጤዎች ጫማችንን አድርገን ነው የምናመልከው፤ ኢዮብማ ሲዘምር ወለሉን ይደበድበው ነበር አላት። የኔነሽም እያቅማማች ባሏ ያነሣቸውን ፎቶዎች ሰጠቻት። ኢዮብ ስለ ሰፈሩ የድሮ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ይጽፍ ነበር። በአሮጌው ፎቶ የሰገነቱን የእንጨት መልአክ ነቀዝ በስቶታል፤ ከእድሳቱ በኋላ በተነሣው ግን አንድም ቀዳዳ የለም።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ለተኪዳን ሁሉንም አስቀመጠቻቸው፤ ፍስሃጽዮንም፣ ኬለርም፣ አንድ ፖሊስም አሉ።

«ኢዮብ በዚያ ደረጃ በእግሩ አልወጣም» አለች። «ቢወጣ ኖሮ ካልሲው ቢጫ ይሆን ነበር። ሌላ ቦታ ሞቶ፣ ሰው ተሸክሞት ገባ፤ አዳልጦት ወደቀ እንዲባል ምልክቱንም ያነሣው ያ ሰው ነው። ጫማውን ማን አወለቀው? ሟቹ ጴንጤ ነው፣ ፓስተሩም፣ ዘርፈሽዋልም። ለእነሱም ለሄር ኬለርም ጫማ ማውለቅ በሐሳባቸውም አይመጣም። ቁልፍ ካላቸው ሦስቱ ሐበሾች ኦርቶዶክስ አናጢው ብቻ ነው። መልአኩንም ያደሰው እሱ ነው፤ ኢዮብ ጥንታዊው መልአክ ተሰርቆ በአዲስ ቅርጽ እንደተቀየረ ደርሶበት፣ ኦስትሃፈን ወዳለው ዎርክሾፑ ድረስ ሊጠይቀው ሄደ። ፍስሃጽዮን፣ ሰኞ ማታ ዎርክሾፕህ ውስጥ ምን ሆነ?»

ፍስሃጽዮን አንገቱን ደፋ። ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ገፋሁት፣ ጭንቅላቱ ከእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ጋር ተላተመ አለ። ከዚያ ጫማውን ወዳስቀመጠበት በር አየ።

«እግዚአብሔር ቤት ነው። በጫማ እንዴት ላስገባው?»

«ሰው ገድለህ ለጫማ ተጨነቅህ» አለች ለተኪዳን። «እቺን ምስኪን ደግሞ እያየህ ዝም አልክ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ኬለር ወደ ዘርፈሽዋል ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰኞ ሥራዋን መጀመር እንደምትችል ነገራት። ንቅንቅ አላለችም።

«በሰው ፊት ነው የወነጀሉኝ» አለችው፤ «በሰው ፊት ያንሱልኝ።»

ደብዳቤ እጽፋለሁ አላት።

«አሁን።»

ሰውየው ቀላ፣ ሕዝቡን አየ፣ ፊት ለፊት ወጥቶ ቆመ። ይህች ሴት ጥፋት የለባትም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ። ፓስተሩ በአማርኛ ሲተረጉመው የኔነሽ ከፊት ወንበር ተነሥታ መጣችና ዘርፈሽዋል አንገት ላይ ተጠመጠመች።